ምዕራፍ ሰባት፦ መምህርህ ማን ነው?

የአሜሪካ ፉትቦል ትልቁ ሊግ ኤንኤፍኤል 32 ክለቦች አሉት። በሙያው አናት ላይ ያሉት የዋና አሰልጣኝነት ወንበሮችም እንግዲህ 32 ብቻ ናቸው። ከሥር ግን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱና በየኮሌጁ በሺህ የሚቆጠሩ አሰልጣኞች ይሠራሉ፤ የብዙዎቹ ዓይን እነዚያ ወንበሮች ላይ ነው። መደበኛው ውድድር ሲያበቃ በማግስቱ የሚውለው ሰኞ «ጥቁር ሰኞ» ይባላል፤ ውጤት የራቃቸው አሰልጣኞች የስንብት ደብዳቤ የሚቀበሉበት ቀን ነው። በዚያው ሳምንት የክለብ ባለቤቶች አዲስ ሰው ማፈላለግ ይጀምራሉ። ያ አዲስ ሰው ከየት ይመጣል? እዚያ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል? በዚህ ምዕራፍ የምናየው ይህንን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በእግር ኳስ የለመድነው ስመ ጥሩ ተጫዋች ጫማውን ሲሰቅል ወደ አሰልጣኝነት ሲሻገር ነው። በአሜሪካ ፉትቦልም እንዲህ ያሉ ሰዎች አልጠፉም። ነገር ግን በሙያው ታሪክ ስማቸው ከፊት ከሚጠራው መካከል ቢል ዋልሽ፣ ቢል ቤሊቺክና አንዲ ሪድ በኤንኤፍኤል አንድ ጨዋታ እንኳ ተሰልፈው አያውቁም። ሦስቱም በኮሌጅ ተጫውተው፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት ያሳለፉት በረዳት አሰልጣኝነት ጥቁር ሰሌዳና ፊልም ፊት ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚገባን የጨዋታውን ጠባይ ስናውቅ ነው። በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖር አንባቢ እሁድ ከሰዓት በቴሌቪዥን አይቶት ይሆናል። አጥቂው ቡድን ኳሷን አሥር ያርድ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ከተሳካለት እንደገና አራት ያገኛል፣ ካልተሳካለት ኳሷን ያስረክባል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ጨዋታው ይቆማል፤ አሥራ አንዱም ተጫዋቾች የሚቀጥለው ቅንብር ምን እንደሆነ መስማት አለባቸው። ከአንዱ ሙከራ ፍጻሜ እስከሚቀጥለው መነሻ የሚሰጠው ጊዜ 40 ሰከንድ ነው። ከ1994 ጀምሮ አሰልጣኙ ማጥቃቱን በሚመራው ተጫዋች፣ በኳርተርባኩ፣ የራስ ቁር ውስጥ በተገጠመች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ያናግረዋል፤ ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ግን መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ አሰልጣኙ ያለው 25 ሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ የሆነውን አይቶ፣ ተጋጣሚው ምን እንደሚያስብ ገምቶ፣ በእጁ ከያዘው በፕላስቲክ ከተለበጠ ሰፊ ወረቀት ላይ አንዱን ቅንብር መርጦ በረጅም የስያሜ ቋንቋ ይናገራል። አንዲ ሪድን ያየ ሰው ያንን ባለብዙ ቀለም ወረቀት ወደ አፉ ሲያስጠጋ ያስታውሰዋል፤ ከወዲያ ማዶ ያሉት ከንፈሩን እንዳያነቡበት ነው። በአንድ ጨዋታ እንዲህ ያለው ትእዛዝ ስልሳ ጊዜ ያህል ይሰጣል።

ቡድኑ 53 ተጫዋቾች አሉት፤ የሚያጠቁት፣ የሚከላከሉትና ኳስ በሚመታበት ሰዓት የሚገቡት ለየብቻ ናቸው። ስለዚህ ዋና አሰልጣኙ ከሃያ በላይ ረዳቶች ይኖሩታል። ለኳርተርባኮች አንድ፣ ለተቀባዮች አንድ፣ ለግንባር መስመሩ አንድ እያለ ይሄዳል፤ ከእነርሱ በላይ የማጥቃቱና የመከላከሉ አስተባባሪዎች ይቀመጣሉ። የአሰልጣኝ ዕድገት ማለት በዚህ መሰላል ላይ እርከን በእርከን መውጣት ነው።

በታችኛው እርከን ያለው ሥራ «ኳሊቲ ኮንትሮል» ይባላል። ወጣቱ ረዳት ቀጣዩ ተጋጣሚ ያደረጋቸውን ጨዋታዎች ፊልም ይዞ ክፍሉን ይዘጋል። አንዱን ሙከራ ያያል፣ ያቆማል፣ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ያያል፤ ከዚያ ይመዘግባል። ስንተኛው ሙከራ ነበር? ስንት ያርድ ይቀር ነበር? ኳሷ ከሜዳው በየት በኩል ነበረች? ተቀባዮቹ በግራ ስንት፣ በቀኝ ስንት ሆነው ቆሙ? ኳሷ ሳትነሳ ቦታውን የቀየረ ሰው አለ? በመጨረሻ ሮጡ ወይስ ወረወሩ? ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ሙከራ ይደጋግመዋል። ምዝገባው ሲጠራቀም «ይህ ቡድን በሦስተኛ ሙከራ ብዙ ያርድ ሲቀረው እንዲህ የማድረግ ልማድ አለው» የሚል ዕውቀት ይወጣዋል። ቀጥሎ የተጋጣሚውን ቅንብሮች አንድ በአንድ በካርድ ላይ ይስላል፤ በልምምድ ሰዓት ተጠባባቂዎቹ ካርዱን እያዩ ተጋጣሚውን ሆነው ይጫወታሉ። ካርዱ ላይ አንድ ቀስት ከተሳሳተ ተከላካዩ የተለማመደው የሌለ ነገር ይሆናል። ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ስሙ በጋዜጣ አይወጣም፤ ስህተቱን ግን እሁድ ዕለት ሕዝብ ሁሉ ያየዋል።

ቢል ቤሊቺክ በ1975 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቆ ባልቲሞር ኮልትስ ሲገባ ሥራው ይኸው ፊልም መተንተን ነበር፤ የሚከፈለውም በሳምንት 25 ዶላር። ዕድሜው 23 ቢሆንም ለፊልም እንግዳ አልነበረም። አባቱ ስቲቭ ቤሊቺክ በአናፖሊስ በሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ለ33 ዓመታት በአሰልጣኝነት ያገለገለ፣ ተጋጣሚን አስቀድሞ በማጥናት የተካነ ሰው ነው፤ በ1962 በዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳትሟል። ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው ከአባቱ ጎን ተቀምጦ የተጋጣሚዎችን ፊልም እያየ አደገ። ከባልቲሞር ወደ ዲትሮይት፣ ከዲትሮይት ወደ ዴንቨር፣ በ1979 ወደ ኒውዮርክ ጃይንትስ ተሻገረ። በጃይንትስ አሥራ ሁለት የውድድር ዘመን በረዳትነት ሠራ። በጥር 1991 ጃይንትስ ቡፋሎ ቢልስን 20 ለ 19 አሸንፎ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሲወስድ እርሱ የቀየሰው የመከላከል ዕቅድ ዛሬ በኦሃዮ ካንተን በሚገኘው የፉትቦል ታላላቆች ሙዚየም ተቀምጧል። የመጀመሪያውን የዋና አሰልጣኝነት ወንበር በክሊቭላንድ ያገኘው በዚያው ዓመት ነው። ከ25 ዶላሩ ሳምንት አሥራ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር።

የአንዲ ሪድ መንገድ ደግሞ በኮሌጆች በኩል የዞረ ነው። በዩታ ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የግንባር መስመር ተጫዋች ነበር። ጽሑፍ ይወድ ነበርና በዚያው በፕሮቮ ከተማ ጋዜጣ ላይ ዓምድ ይጽፍ ነበር። በ1982 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሆኖ በረዳትነት ጀመረ። በዚያ ዓመት የኳርተርባኮች አሰልጣኝ ሆኖ ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጣ ማይክ ሆልምግረን የሚባል ሰው ነበር፤ ይህን ስም እንያዘው። ሪድ ከዚያ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ሄደ። ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ገንዘብ አልነበረውምና አሰልጣኞቹ ለቡድኑ ወጪ መሸፈኛ ሆት ዶግ እየሸጡ ይረዱ ነበር። ቀጥሎ ሰሜን አሪዞና፣ ቀጥሎ ቴክሳስ ኤል ፓሶ፣ ቀጥሎ ሚዙሪ። በአሥር ዓመት ውስጥ አምስት ኮሌጅ ማለት ነው። ዕቃ መጠቅለል፣ ቤት መከራየት፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ማዛወር፣ የሚስትም ከባል እኩል መንከራተት ያለበት ኑሮ ነው። ስለ ዋንጫ ሲወራ ይህ ኑሮ ይዘነጋል፤ እኔ ግን የሙያው እውነተኛ ዋጋ የተከፈለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በ1992 ሆልምግረን የግሪን ቤይ ፓከርስ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሲሾም ሪድን ወደ ኤንኤፍኤል አመጣው። ሰባት የውድድር ዘመን በፓከርስ ሠራ፤ በ1997 የኳርተርባኮች አሰልጣኝ ሆነ። በጥር 1999 ፊላደልፊያ ኢግልስ ለዋና አሰልጣኝነት ሲጠራው አስተባባሪ ሆኖ እንኳ ሠርቶ አያውቅም ነበር። ይዞት የገባው ለዓመታት ያጠራቀማቸው ማስታወሻዎች የታጨቁበት ወፍራም ማኅደር ነው፤ ልምምዱ፣ የቀን ውሎው፣ የተጫዋች አያያዙ ሁሉ ተጽፎበታል። ኢግልስ በቀደመው የውድድር ዘመን ሦስት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነበር። ለዚህ ባለ ማኅደር ሰው ሰጡት።

ማኅደሩ ብቻውን ግን አላስቀጠረውም። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ አንባቢ ይህን ቶሎ ይረዳዋል። የቅኔ ተማሪ ስንቁን ይዞ ከአንዱ መምህር ጎጆ ወደ ሌላው ሲዞር ኖሮ አንድ ቀን ወንበር ሲዘረጋ፣ ሰዎች የሚጠይቁት ከማን ዘንድ እንደተማረ ነው። በፉትቦልም የክለብ ባለቤት የመጀመሪያ ጥያቄው ይኸው ነው። ሪድ የሆልምግረን ተማሪ ነው። ሆልምግረን በሳን ፍራንሲስኮ 49ኤርስ የቢል ዋልሽ ረዳት ነበር። ዋልሽ ደግሞ በሲንሲናቲ ቤንጋልስ ለስምንት ዓመታት በፖል ብራውን ሥር ሠርቷል። አሰልጣኝነትን የመማሪያ ክፍል ሥራ ያደረገው፣ ተጫዋቹን ደብተር ያስያዘው፣ ፊልምን እየመረመረ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ውጤት የሰጠው ይህ ፖል ብራውን ነው።

ስለ ዋልሽ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም ይልቅ እርሱን አደንቃለሁ። በሲንሲናቲ ክንዱ ብርቱ የነበረው ኳርተርባክ ሲጎዳ በ1970 በእጁ የቀረው ቨርጂል ካርተር የሚባል፣ ሩቅ መወርወር የማይችል ግን በትክክል የሚያቀብል ተጫዋች ነበር። ዋልሽ ጨዋታውን ለዚህ ሰው ክንድ ቀየሰው፤ አጭር አጭር ቅብብል፣ ተቀባዩ ኳሷን ይዞ እንዲሮጥ። በኋላ «የምዕራብ ጠረፍ አጨዋወት» ተብሎ ሊጉን ያጥለቀለቀው ይህ ነው። ከጨዋታው በፊት የመክፈቻዎቹን አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ቅንብሮች በቅደም ተከተል የመጻፍ ልማድም የእርሱ ነው፤ ልብ በሚመታበት ሰዓት እንዲወስን ሳይገደድ፣ በጸጥታ ያሰበውን ይዞ እንዲገባ። በ1976 መጀመሪያ ፖል ብራውን ከአሰልጣኝነት ሲለቅ ወንበሩን የሰጠው ለዋልሽ አልነበረም። ዋልሽ ቅር ብሎት ሄደ። በ1979 የ49ኤርስ ዋና አሰልጣኝ ሲሆን 47 ዓመቱ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ከአሥራ ስድስት ጨዋታ ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነው። በጥር 1982 ሱፐር ቦውልን ሲያነሳ ያሸነፈው ቡድን ያው ሲንሲናቲ ቤንጋልስ ሆነ፤ 26 ለ 21። በጥር 1989 ደግሞ በመጨረሻ ጨዋታው ቤንጋልስን 20 ለ 16 ረትቶ፣ ሦስተኛ ዋንጫውን ይዞ ከቡድኑ ተሰናበተ።

ይህ የመምህርና የተማሪ ሐረግ ሜዳ ላይ ምን እንደሚሠራ አንድ ቅንብር ልጥቀስ። በየካቲት 2023 በአሪዞና ግሌንዴል በተደረገው ሱፐር ቦውል የሪድ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ከቀድሞ ቡድኑ ከኢግልስ ጋር ገጠመ፤ ዕረፍት ሲወጡ ኢግልስ 24 ለ 14 ይመራ ነበር። በአራተኛው ሩብ ቺፍስ «ኮርን ዶግ» የሚሉትን ቅንብር አወጡ። በጎን የቆመ ተቀባይ ኳሷ ሳትነሳ ወደ መሃል ይሮጣል። የኢግልስ ተከላካይ አብሮት መሮጡን ትቶ ለጓደኛው «ያዘው» ብሎ ያሳልፋል። በዚያች ቅጽበት ተቀባዩ እግሩን ተክሎ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ኳሷ ስትደርሰው አጠገቡ ማንም የለም። ካዳሪየስ ቶኒ በአንዱ ጎን ተችዳውን አገባ። ደቂቃዎች ቆይቶ ያንኑ ቅንብር በሌላው ጎን ደገሙት፤ ስካይ ሙር አገባ። ጨዋታው 38 ለ 35 አለቀ። ይህን የኢግልስ ክፍተት የቺፍስ አሰልጣኞች ያገኙት ፊልም ሲያዩ ነው። በጥቅምት 2022 ጃክሰንቪል ጃጓርስ በተመሳሳይ አኳኋን በኢግልስ ላይ አግብቶ ነበር። የጃጓርስ ዋና አሰልጣኝ ማን ነበር? ዳግ ፒደርሰን፣ የሪድ ተማሪ። ፒደርሰን መጫወት ካቆመ በኋላ በሉዊዚያና ሽሪቭፖርት የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ነበር፤ በ2009 በኢግልስ «ኳሊቲ ኮንትሮል» አድርጎ ወደ ሊጉ ያስገባው ሪድ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2018፣ ፒደርሰን የኢግልስ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ የቤሊቺክን ቡድን ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስን 41 ለ 33 አሸንፎ ሱፐር ቦውልን ወሰደ። መምህሩ ለኢግልስ ያላመጣውን ዋንጫ ተማሪው አመጣው።

ወንበሩ ላይ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ መቆየት ሌላ። ስንብት የማይቀር የሙያው ክፍል ነው። ቤሊቺክ በክሊቭላንድ በአምስት ዓመት 36 አሸንፎ 44 ተሸንፎ በ1996 ተባረረ። ወደ ረዳትነት ተመለሰ። በ2000 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ሲፈልገው ግን የነበረበት ኒውዮርክ ጄትስ በነጻ አልለቀቀውም፤ ፓትሪዮትስ ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ተራውን አሳልፎ ሰጠ። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት 5 ማሸነፍ፣ 11 መሸነፍ ነበር። የክለቡ ባለቤት ሮበርት ክራፍት ታገሠው። ከዚያ በኋላ ስድስት ሱፐር ቦውል መጣ። በተጫዋቾች ምርጫ በስድስተኛው ዙር፣ በ199ኛ ተራ ያገኙት ኳርተርባክ ቶም ብሬዲ ባይኖር ይህ ሁሉ ይሆን ነበር ወይ ብለው ዛሬም የሚከራከሩ አሉ፤ ተገቢ ክርክር ነው፤ አሰልጣኝ ያለ ኳርተርባክ ሩቅ አይሄድም። በ2023 ውጤቱ ወደ 4 ማሸነፍ ሲወርድ የ24 ዓመቱ አገልግሎት አበቃ።

ሪድም በፊላደልፊያ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል፤ አምስት ጊዜ ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ሲቀረው ደረሰ፤ ያለፈው አንዴ ብቻ ነው፣ እርሱንም በየካቲት 2005 በቤሊቺክ ቡድን 24 ለ 21 ተሸነፈ። በነሐሴ 2012 የበኩር ልጁ ቡድኑ በሚለማመድበት ካምፕ ሞተ። ቀብሩን ፈጽሞ በዚያው ሳምንት ሜዳ ላይ ቆመ። ያ የውድድር ዘመን በ4 ማሸነፍ አለቀና በታኅሣሥ 31 ተሰናበተ። በአራተኛው ቀን የቺፍስ አሰልጣኝ ሆነ፤ በ2 ማሸነፍ የጨረሰውን ቡድን በዓመቱ 11 ድል አስመዘገበለት። የመጀመሪያውን ሱፐር ቦውል በየካቲት 2020 ሲያነሳ 61 ዓመቱ ነበር። ሥራው ራሱ ያደከመውም አለ፤ ዲክ ቨርሜል ቢሮው ውስጥ እያደረ ኢግልስን ሲያሠለጥን ኖሮ ከ1982 የውድድር ዘመን በኋላ «አልቻልኩም» ብሎ ለቀቀ። ለአሥራ አራት ዓመት በቴሌቪዥን ጨዋታ ሲተነትን ቆይቶ በ1997 ተመለሰ፤ በጥር 2000 በ63 ዓመቱ ከሴንት ሉዊስ ራምስ ጋር አሸናፊ ሆነ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። የመምህርና የተማሪ ሐረግ ዕውቀት ያስተላልፋል፤ በሩንም ይዘጋል። ዋና አሰልጣኝ ረዳቶቹን የሚመርጠው ከሚያውቃቸው ነው፤ የሚያውቃቸውም አብረውት የሠሩትን፣ የወዳጆቹን ልጆች፣ የራሱን ልጆች ነው። ቤሊቺክ ሁለት ልጆቹን ቀጥሯል። በ2017 በ30 ዓመቱ የራምስ ዋና አሰልጣኝ የሆነው ሾን መክቬይ አያቱ በዋልሽ ዘመን የ49ኤርስ ኃላፊ ነበሩ። ችሎታ የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ መክቬይ በየካቲት 2022 ሱፐር ቦውልን ወስዷል። ነገር ግን ከተጫዋቾቹ ከግማሽ በላይ ጥቁሮች በሆኑበት ሊግ፣ በዘመናዊው ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ አርት ሼል የተሾመው በ1989 ነው።

ቶኒ ደንጂ በ1984 በ28 ዓመቱ የፒትስበርግ ስቲለርስ የመከላከል አስተባባሪ ሆነ። ዋና አሰልጣኝ የሆነው በ1996 ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ደጅ ጠና። በታምፓ ደካማውን ቡድን አሸናፊ አድርጎት በጥር 2002 ተባረረ። በዚያው ወር ሌላው ጥቁር አሰልጣኝ ዴኒስ ግሪንም ከሚኒሶታ ተሰናበተ። ጠበቆቹ ጆኒ ኮክራንና ሳይረስ ሜህሪ በዚያ ዓመት ጥቁር አሰልጣኞች በመጨረሻ ተቀጣሪ፣ በመጀመሪያ ተባራሪ መሆናቸውን የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ሊጉ በ2003 በስቲለርስ ባለቤት በዳን ሩኒ ስም የተጠራውን ደንብ አጸደቀ፤ ዋና አሰልጣኝ የሚፈልግ ክለብ ቢያንስ አንድ ከአናሳ ወገን የሆነ ዕጩ ቃለ መጠይቅ እንዲያደርግ። ደንጂ በየካቲት 2007 ከኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ጋር ሱፐር ቦውልን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በዚያው ዓመት ስቲለርስ የደንጂን የቀድሞ ረዳት ማይክ ቶምሊንን በ34 ዓመቱ ሾመው፤ በሁለተኛው የውድድር ዘመኑ ዋንጫ አመጣ።

ቃለ መጠይቅ ግን ሹመት አይደለም። በየካቲት 2022 ከማያሚ የተባረረው ጥቁር አሰልጣኝ ብራያን ፍሎሬስ ሊጉንና ክለቦችን በዘር መድልዎ ከሰሰ። የክሱ አንዱ ማስረጃ ከቀድሞ አለቃው ከቤሊቺክ የደረሰው የስልክ መልእክት ነበር። ቤሊቺክ ብራያን ዳቦል ለሚባል ሌላ ሰው የጻፈ መስሎት፣ የጃይንትስ ሥራ የእርሱ መሆኑን ጠቅሶ እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጽፏል፤ ፍሎሬስ ግን ለዚያው ሥራ ቃለ መጠይቁ ገና ነበር። ክሱ በቀረበበት ቀን ከ32ቱ ክለቦች ጥቁር ዋና አሰልጣኝ የነበረው ስቲለርስ ብቻ ነበር።

ችግሩ ከላይኛው በር ይልቅ ከሥር ነው ብዬ አምናለሁ። ባለቤቶች ዛሬ አጥብቀው የሚፈልጉት ማጥቃትን የሚያውቅ፣ ከኳርተርባክ ጋር የሠራ ሰው ነው። ያንን ዕውቀት የሚያገኘው ደግሞ ያ ፊልም ክፍል ውስጥ ገብቶ ዓመታት የተቀመጠ ብቻ ነው። ቢል ዋልሽ ይህን ቀድሞ ገብቶት ነበር፤ በ1987 ጥቁር የኮሌጅ አሰልጣኞችን ወደ 49ኤርስ የልምምድ ካምፕ እየጋበዘ ከረዳቶቹ ጋር ማሠራት ጀመረ። ዝግጅቱ ኋላ በመላው ሊግ ተስፋፍቶ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ቶምሊንም አልፎበታል። በመጋቢት 2022 ደግሞ ሊጉ እያንዳንዱ ክለብ በማጥቃት ክፍሉ ውስጥ ከአናሳ ወገን የሆነ ወይም ሴት የሆነች አንድ ረዳት አሰልጣኝ እንዲቀጥር ወሰነ። ደመወዙ ከሊጉ የጋራ ገንዘብ እንዲከፈል፣ የተቀጠረውም ሰው ከዋና አሰልጣኙና ከማጥቃት ክፍሉ ጋር በቅርብ እንዲሠራ ተደነገገ።